የቡቱቶው በዓል

ተረት ይዤ መጥቻለሁ። «ይውረድ» በሉኝ።

ይውረድ ካላችሁ ወረደ። እኔ ብዙ ወሬ አላውቅም። የሰማሁትን እላለሁ፤ ሲያልቅብኝ ዝም እላለሁ።

ድሮ ነው። ዝንጀሮ የሚናገርበት፣ ሰውም የሚሰማበት ዘመን ነው። ዋሻ አፋፍ የሚባል መንደር ነበር። አሁንም አለ፤ የእኛው መንደር ነው። ከታች ገደል አለ። ከገደሉ ውስጥ ዝንጀሮ አለ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ማሽላ አለ። ከማሽላው ኋላ እኛ አለን። እግዜር ሲሠራው እንዲህ አድርጎ ደረደረው። ከዝንጀሮውና ከእኛ ማን ብልህ እንደሆነ ግን አልነገረንም። እኛ ነን ብለን ገመትን።

የመንደሩ ሹም ጭቃ ሹም ቢተው ይባል ነበር። የቅድመ አያቴ አባት ነው። ስለዚህ የማወራው ሁሉ የራሴን ገበና ነው። አትፈሩ፣ ሳቁ።

ቢተው በዓል ይወድ ነበር። በዓል ሲሆን ጠላ ወደ ሹሙ ቤት ይሄዳል፤ ወጉ ነው። የቅዱሳኑ ቀን ግን አልበቃውም።

አንድ ቀን በሬው ከገደል ወደቀ። አልሞተም። «ይህ ቀን ይከበር» አለ። በየወሩ በዘጠኝ የበሬው ቀን ሆነ።

ሌላ ጊዜ በረዶ መጣ። እኛን ዘሎ የጎረቤት መንደር እህል ደቆሰ። «ይህም ቀን ይከበር» አለ። በየወሩ በአሥራ ስምንት የበረዶው ቀን ሆነ። የጎረቤት እህል ስለጠፋ በየወሩ ጠላ ጠጣን። ሳወራው አፍራለሁ። ግን ጠጥተናል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ጥርሱን አመመው። ሰባት ቀን አቃሰተ። በስምንተኛው ቀን ተወው። «ይህማ ሳይከበር አይቀርም» አለ። በየወሩ በሃያ ስድስት የጥርሱ ቀን ሆነ።

ሽማግሌዎች ቄሱን ጠየቁ። «አባ፣ የቢተው ቀኖች ከመጽሐፉ አሉ?»

ቄሱ መቋሚያቸውን አነሱ። «የመጽሐፉን ቀን እኔ እጠብቃለሁ» አሉ። «የጥርሱን ቀን ባለ ጥርሱ ይጠብቅ።» ብለውም ሄዱ።

የቢተው ቀን ከቅዱሳኑ ቀን ይከብድ ነበር። በቅዱሳኑ ቀን ሰው ከቅዳሴ መልስ ማማው ላይ ወጥቶ ማሽላውን ይጠብቃል። በቢተው ቀን ግን ሁሉም ነጭ ለብሶ ወደ ቢተው ቤት ይሄዳል፤ እዚያም ይውላል። አንድ ሰው በበሬው ቀን ዝንጀሮ በወንጭፍ አባረረ። ቢተው አስጠራው።

«ወንጭፍ ማዞር ሥራ ነው» አለው።

«እሺ፣ ብጮህስ?»

«መጮህም ሥራ ነው።»

«ድንጋይ ባነሳስ?»

«ድንጋይ ማንሳት የሥራ ሁሉ አባት ነው። በዓል የሻረ አንድ በግ ለሹሙ ቤት ያስገባል።»

ሰውዬው በጉን አስገባ። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ያነሳ የለም።

ይህን ሁሉ ከገደሉ ውስጥ የሚያይ ነበር። የዝንጀሮዎቹ መሪ ገመሬው ነው። ጋማው ትከሻው ላይ እንደ በርኖስ ያርፋል። አንዲት አሮጊት ዝንጀሮ ከጎኑ አትጠፋም።

«እነዚህ ሰዎች ነጭ ለብሰው ወደዚያ ትልቅ ቤት ሲሄዱ ድንጋይ አይወረውሩም» አለ ገመሬው።

«ምነው ታመሙ?» አለች አሮጊቷ።

«ምን አውቃለሁ። ውረዱና ብሉ።»

ወረዱ። በሉ።

ከገደሉ አፋፍ ዳር የመጀመሪያው ማሳ የውዳላት ነበር። ውዳላት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የቢተው ማሳ ከመንደሩ መሀል ነው። ዝንጀሮ ከውዳላት ማሳ ጠግቦ ይመለሳል፤ ከቢተው ማሳ አይደርስም። የውዳላት ማሽላ የቢተው አጥር ነበረ ማለት ነው። አጥሩ ሲበላለት ምን ቸገረው።

ካቻምና ማሳዋ ተበላ። ዓምናም ተበላ። ዘንድሮ ማሽላው አምሮ ቆመ፤ ራሱ ከብዶት ዘንበል አለ። የበሬው ቀን ደረሰ። ሰው ነጭ ለብሶ ወደ ቢተው ቤት ሄደ። ዝንጀሮ ወረደ። ከማሳው ከአራት አንዱን እጅ በላ።

በማግሥቱ ውዳላት ዋርካው ሥር መጣች። ሰው ተሰብስቧል።

«አያ ቢተው፣ አንድ ቀን ሻርልኝ» አለች። «ሦስቱንም አልልም። ማሽላዬ እስኪታጨድ የበረዶውን ቀን ብቻ።»

«ቀን ይሻራል እንዴ?» አለ ቢተው።

«ያወጣኸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ። ለዚህ ነው የማይሻረው።»

«እንግዲያው ስማኝ። ዘንድሮም ከተበላ ወንዝ ማዶ የባሌ ወንድም ቤት እገባለሁ። የሰው እህል እየፈጨሁ፣ የሰው ፊት እያየሁ እኖራለሁ። ማሳዬም ጦሙን ያድራል።»

ማሳ ሲባል የቢተው ጆሮ ቆመ። «ጦሙንስ አያድርም» አለ ቀስ ብሎ። «መንደር አለ አይደል?»

መንደር ማለት እሱ ነው። ሁሉም ገባው፤ ሁሉም መሬት መሬት አየ። እንዲህ ነን።

ድረስ የሚባል ጉረኛ ነበር። ተነሣ። «እቴ ውዳላት፣ እኔ እያለሁ ዝንጀሮ ያስለቅስሽ?» አለ። «ዝንጀሮ የሚያውቀን በልብሳችን ነው። በሥራ ቀን ነጭ እንልበስ። ዱላውን ከጋቢው ሥር እንያዝ።»

«ቀኑ የሥራ ከሆነ እኔ ምን አገባኝ» አለ ቢተው።

በአሥራ ሦስት፣ በሥራ ቀን፣ ወንዱ ሁሉ ነጭ ለበሰ። ተሰልፎ ወደ ቢተው ቤት ሄደ። ገመሬው አየ። «ውረዱ» አለ። ወረዱ። ሰዎቹ በቦዩ ዞረው መጡና ዱላውን ከጋቢው ሥር አወጡ። ያን ቀን ዝንጀሮ ተመታ። ድረስ ሦስት ቀን ሙሉ አወራ።

ዝንጀሮዎቹ ከገደላቸው ገብተው ቁስላቸውን ላሱ።

«ነጩ ልብስ ዋሸን» አለች አሮጊቷ።

«ሰው በልብሱ ይዋሻል» አለ ገመሬው። «በጠላው ግን አይዋሽም። ከእንግዲህ ሲጠጡ ካላያችሁ አትውረዱ።»

የበረዶው ቀን መጣ። ዝንጀሮ ከገደሉ አፍ ተቀምጦ ጠበቀ። ነጭ ለበስን፤ አልወረደም። ወደ ቢተው ቤት ሄድን፤ አልወረደም። ዋንጫው አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለተኛ ዞረ። በሦስተኛው ዘፈን ጀመርን። ወረደ። ሌላ ከአራት አንድ እጅ በላ።

ውዳላት የቀረውን ማሳ ቆማ አየች። ግማሹ ነው። አላለቀሰችም። ድረስ ከአጠገቧ መጣ።

«አይዞሽ እቴ። አሁን ገባኝ» አለ። «በሥራ ቀን ጠላ የምንጠጣ እንምሰል።»

«ውሃ እሞላላችኋለሁ» አለች።

«ውሃ አይሆንም። ዝንጀሮ አፍንጫ አለው። እውነተኛ ጠላ ይሁን።»

«ትሰክራላችሁ።»

«እኛ? በጠላ?»

በሃያ ሁለት፣ በሥራ ቀን፣ ወንዱ ሁሉ ከውዳላት ማሳ ዳር ተቀመጠ። ዱላው ከቂጡ ሥር ነው። ጠላው ከፊቱ ነው። የምንጠጣ ለመምሰል ጠጣን። የምንዘፍን ለመምሰል ዘፈንን። ማስመሰሉ የት ላይ እንዳለቀ ያወቀ የለም። ዝንጀሮ ሲወርድ ያየ ሰው ነበር፤ ግን ሁለት ሁለት ሆኖ ታየው፤ የትኛውን እንደሚመታ ሲመርጥ እንቅልፍ ወሰደው። ድረስም ተኛ። ሲነቃ ዱላው የለም። ቀና ሲል ገመሬው ከገደሉ አፍ ላይ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

ከማሳው የቀረው ከአራት አንድ እጅ ብቻ ሆነ። የጥርሱ ቀን አራት ቀን ቀረው። ማሽላው ለመታጨድ ደግሞ ስምንት ቀን ይፈልጋል።

ውዳላት ዋርካው ሥር ተመልሳ መጣች። ድረስ ሊነሣ ሲል «ተቀመጥ ወንድሜ» አለችው። ተቀመጠ።

«አያ ቢተው፣ ቀኑን ሻር አልልህም» አለች። «የጥርስህን ቀን እናክብር። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቡቱቶ መልበስ ሥራ ነው?»

ቢተው አሰበ። «አይደለም።»

«ሞፈር ተሸክሞ መሄድስ?»

«ካላረሱበት... ሸክም ነው እንጂ ሥራ አይባልም። አስከሬንም በበዓል እንሸከማለን።»

«ማጭድ ይዞ ማሳ ዳር መቀመጥስ?»

«ካላጨዱበት ምን ይባላል? እኔ እንጃ።»

«መቀመጥ ይባላል» አለች። «እናንተ ደግሞ ታውቁበታላችሁ። በጥርስህ ቀን የሥራ ልብስ ለብሰን፣ የሥራ ዕቃ ይዘን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ እንቀመጥ። ድንጋይ አናነሳም። አንጮህም። ምንም አንሠራም። በዓልህ አልተሻረም።»

 ከዚያ አንድ ሽማግሌ «እኔ ቡቱቶ አለኝ» አለ። ሌላው «እኔ ሌላም የለኝ» አለ። ተስማሙ።

ቢተው ግን ተቆጣ። «የጥርሴን ቀን በቡቱቶ?» አለ። «እናንተ እንደ ወደዳችሁ። እኔ ነጭ እለብሳለሁ። ጠላዬንም እጠጣለሁ። ቤቴ ሰው ካልመጣ ከማሳዬ ጥላ ሥር ብቻዬን አከብራለሁ።»

«አያ ቢተው፣ ተው ቡቱቶ ልበስ» አለችው ውዳላት። «ነጭህ ከሩቅ ይታያል።»

«ይታይ» አለ። «ሹም ነኝ።»

ሃያ ስድስት ነጋ። ሰው ሁሉ ቡቱቶውን ለበሰ። ከገደሉ አፋፍ እስከ አፋፍ ተደርድሮ ተቀመጠ። አንዱ ሞፈሩን ታቅፏል። አንዱ ማጭዱን ጭኑ ላይ አጋድሟል። አንዱ ዶማ ላይ አገጩን አስደግፏል። ማንም ምንም አልሠራም። ከዋሻ አፋፍ ታሪክ ያን ቀን የሚያህል ያማረ ሥራ አልተሠራም።

ገመሬው ከታች አየ። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና ደግሞ አየ።

«ሞፈር ይዘዋል፤ አያርሱም» አለ። «ማጭድ ይዘዋል፤ አያጭዱም። ድንጋይ ከእግራቸው ሥር አለ፤ አያነሱም። ይህ ትልቅ ተንኮል ነው።»

«ዝም ብለው ተቀምጠው ቢሆንስ?» አለች አሮጊቷ።

«አንቺ ደግሞ። ይህን ያህል ሰው ያለ ምክንያት ዝም ብሎ ይቀመጣል?»

አያውቀንም ነበር።

«እርቦናል» አሉ ሌሎቹ።

ገመሬው ከአንድ ቋጥኝ ላይ ወጣ። ሩቅ አየ። ከመንደሩ መሀል አንድ ነጭ ነገር አለ። ነጩ ነገር ዋንጫ ያነሣል፤ ያወርዳል። ያነሣል፤ ያወርዳል።

«እዚያ በዓል ነው» አለ ገመሬው። «ነጭ አለ፣ ጠላ አለ። በሸለቆው እንዙር።»

ዞሩ። ከቢተው ማሳ ደረሱ። እስከዚያ ቀን ማንም ያልነካው ማሽላ ነው፤ ራሱ የሕፃን ራስ ያህላል። ገቡበት።

ቢተው መጀመሪያ ነፋስ መሰለው። ቀና ሲል ማሽላው ይንቀሳቀሳል። ቆመ። ድንጋይ አነሣ።

ከአፋፉ ያሉት የዝንጀሮዎቹን ጫጫታ ሰምተው መጡ። ውዳላት ብቻ ከማሳዋ ዳር አልተነሣችም። ሰዎቹ መጥተው ከቢተው ማሳ ድንበር ላይ፣ ሞፈራቸውን እንደታቀፉ፣ ቁጭ አሉ።

«አያ ቢተው» አለ ድረስ። «እጅህ ላይ ያለው ድንጋይ ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ልትወረውረው ነው?»

«አይ... እያየሁት ነው።»

«ደግ። ማየት ሥራ አይደለም።»

ዝንጀሮ ይሰብራል፤ ይበላል። የማሽላው አገዳ ቀሽ ቀሽ ይላል።

«በጉን እከፍላለሁ» አለ ቢተው።

«ለማን?»

«ለሹሙ።»

«ሹሙ አንተ ነህ።»

«ተቀብያለሁ በቃ።»

«መቀበሉን ተቀበል» አለ አንድ ሽማግሌ። «ግን ቀኑን ሹሙ ራሱ ከሻረው ቀን አይደለም። ድንጋዩ ከእጅህ ሲወጣ የጥርስ በዓል ሞተ ማለት ነው። ከእንግዲህ በሃያ ስድስት ጠላ የለም። በዘጠኝም የለም። በአሥራ ስምንትም የለም። ምረጥ።»

ቢተው አሰበ። ማሽላውን አየ። ጠላውን አየ። ድንጋዩን አየ። ደግሞ ጠላውን አየ። ሰው ሲያስብ ጊዜ ይሄዳል። ዝንጀሮ አያስብም፤ ይበላል።

«መረጥኩ» አለ በመጨረሻ።

«ምን መረጥክ?»

«ማሽላውን።»

«የትኛውን ማሽላ?» አለ ድረስ።

ቢተው ዞሮ አየ። ማሳው አገዳ ብቻ ሆኗል። ከእግሩ ሥር የነበረው የጠላ እንስራም የለም። ገመሬው በሁለት እጁ ታቅፎ በሸለቆው ሲወርድ የጭራው ጫፍ ብቻ ታየ።

ውዳላት በሳምንቱ ማሽላዋን አጨደች። ከአራት አንድ እጅ ቢሆንም እሷ አንድ ሰው ናት፤ ዓመቱን ያደርሳታል፤ ለዘርም ይተርፋታል። ወንዝ ማዶ አልሄደችም።

አውድማው ሲጠረግ ቢተው መጣ። ነጩን አልለበሰም። ከደጅዋ ቆመ።

«ደህና ነሽ ውዳላት?»

«ደህና ነኝ አያ ቢተው። ጥርስህ እንዴት ነው?»

«ጥርሴማ ደህና ነው። የሚያኝከው አጣ እንጂ።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ከአውድማው ቁና ሰፍራ ሰጠችው። ደግማ ሰፈረች። በሦስተኛው እጇን ያዝ አደረገች።

«ይህን የምሰጥህ አንድ ነገር እሺ ካልከኝ ነው።»

«በይው።»

«ሦስቱን ቀን አንድ አድርገው። የበሬውን፣ የበረዶውን፣ የጥርሱን፤ ሁሉንም በሃያ ስድስት። እሱንም ነጭ ለብሰን ከቤትህ አናከብረውም። ቡቱቶ ለብሰን ከገደሉ አፋፍ እናከብረዋለን። ከሁሉ ቀድመህ አንተ ትለብሳለህ።»

ቢተው ቁናውን አየ። «ቡቱቶ የለኝም» አለ።

«እኔ አውስሃለሁ» አለችው።

የሟች ባሏን አሮጌ ኩታ ሰጠችው። በሚቀጥለው ሃያ ስድስት ያን ኩታ ለብሶ፣ ሞፈር ታቅፎ፣ ከሁሉ ቀድሞ ከአፋፉ ተቀመጠ። ሲሞትም ኩታውን ለልጁ ተወ። ከልጁ ወደ ልጁ ሲል ዛሬ እኔ ቤት አለ። ምንም አልቀረው፤ ቀዳዳው ነው የሚበልጠው። ግን ቀዳዳውንም ቢሆን እንጠብቃለን።

ዝንጀሮዎቹ ገደሉን ለቀው ከሄዱ ቆዩ። በአያቴ ዘመን ነው የሄዱት። እኛ ግን በየወሩ በሃያ ስድስት ቡቱቶ ለብሰን፣ የማናርስበትን ሞፈር ተሸክመን፣ ማንም የማይመጣበት ገደል አፍ ላይ እንውላለን። አንድ ሰው ቡቱቶውን አጥቦ ቢመጣ ተወቅሷል። ሴቶቹም አሮጌ ሲጠፋ ደህናውን ልብስ ይቀድዱታል። ማዶ ያለው መንደር ሰው ገበያ ላይ ሲያገኘን «ምን እያከበራችሁ ነው?» ይለናል። ሽማግሌዎቻችን «ትልቅ ነገር ነው» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ አያብራሩም። እኔም ዛሬ ለእናንተ ብቻ ነው ያወጣሁት።

ተረቴ እዚህ ታሰረች። ፈትታችሁ አትልቀቋት፤ ገበያ ወጥታ ታዋርደናለች።

ለቢተው፣ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። ለእኛ ደግሞ፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ወረቀቱን እኔ አላውቀውም። ሌላኛውን ግን በደንብ አውቀዋለሁ።